በሐምሌ የሚያብብ ቫኒላ

ወደ ደሴቱ ሊሄዱ ያሰቡት ሰዎች ቴፒ ሲደርሱ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ወባ ነበር።

«እዚህ ወባ አለ አይደል?» አለ አስረስ፣ አንድ እግሩን ብቻ ከመኪናው አውጥቶ። ሌላው እግሩ መልሱን እየጠበቀ ውስጥ ቀርቷል።

«አለ» አለው አባቴ። አባቴ የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ ሰው ነበር።

አስረስ የእናቴ ታናሽ እህት የወርቅአፈራሁ ባል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ያስመጣ ነበር፤ ስለዚህም የሰውን መታጠቢያ ቤት አይቶ ሰውየውን የመመዘን ልማድ ነበረው። የእኛ ከጓሮ ነው፣ በቆርቆሮ የታጠረ። የመጡት በ1997 ለፋሲካ ነው። እኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። ለአራት ቀን ቆይታ የራሳቸውን ውኃ፣ የራሳቸውን አንሶላ፣ የራሳቸውን ዳቦ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን መንታ ልጆቻቸውንና አንድ የሚያብለጨልጭ መጽሔት ይዘው ነበር። ከዚህ ሁሉ እኔ ያየሁት መጽሔቱን ብቻ ነው።

መጽሔቱ ላይ ዛንዚባር የሚባል ደሴት ነበር። ነጭ አሸዋ፣ የሣር ጃንጥላ፣ ከውኃው ዳር ተደርድረው የተጋደሙ ሰዎች። ሁሉም ልብሳቸውን አውልቀዋል፤ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አንዳንዶቹ ነጭ ነገር ተቀብተዋል። ሥፍራውን ወዲያው አወቅሁት። ባለፈው ዓመት እናቴን ወገቧን አሟት የሄድንበት ጠበል ልክ እንዲህ ነበር፤ አሸዋው ብቻ ጭቃ ነበር። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ውኃ ገብቶ ሲያበቃ ዳር ላይ የሚጋደመው ሌላ ለምን ይሆናል?

«እማዬ፣ አክስቴን ምን አሟት ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ማን ታመመች አለሽ?»

«ታዲያ ጠበል ለምን ይወስዷታል?»

አክስቴ ሰማችኝ። ስትስቅ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አስረስ «ዛንዚባር ጠበል!» እያለ ጭኑን መታ፤ በአራቱ ቀን ውስጥ ደጃችንን ለረገጠ ሰው ሁሉ ይህንኑ ደግሞ ደጋግሞ አወራው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሚስቁብኝ ስለወደዱኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ከዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ ስለዚያ ጉዞ ለእውነቱ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ጠበል ያለ አስታማሚ አይኬድም፤ አስታማሚ ደግሞ የሚፈለገው ከዘመድ ነው፣ ከደኸየው በኩል።

ዕቅዱ የወጣው የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ አይገኝም አሉ። አስረስ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ወረቀት አስምሮ፣ እንደ ስብሰባ ጸሐፊ ተቀመጠ።

«ከዳሬሰላም በመርከብ ነው የሚያምረው» አለ።

«እኔ መርከብ ላይ አልወጣም። ብንሰምጥስ?» አለች አክስቴ።

«አውሮፕላኑስ ቢወድቅ?»

«እሱ ቶሎ ነው።»

ከዚያ ስለ ክፍል ተነጋገሩ። ሁለት ክፍል ይያዛል፤ ባሕሩን የሚያየው ለእነሱ፣ ከኋላ ያለው ለልጆቹ። «ፀዲ ከልጆቹ ጋር ትሆናለች» አለች አክስቴ። ፀደንያ ነው ስሜ፤ ፀዲ ይሉኝ ነበር። አስረስ ስሜን ሲጽፍ በትከሻው ላይ አጮልቄ አየሁ። ከመንታዎቹ ስም ሥር፣ ከዳይፐሩ ቀጥሎ ነበር የተጻፈው። ከመንታዎቹ ሥር መሆኑን አየሁ። ከዳይፐሩ ቀጥሎ መሆኑን ግን ልብ አላልኩም።

«ጠዋት ጠዋት ባሕር። ከሰዓት ደግሞ የቅመም ጉብኝት» አለ አስረስ ከመጽሔቱ እያነበበ።

«የቅመም ጉብኝት ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ጫካ ይወስዱሻል። ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚወጣ፣ እርድ ከመሬት እንዴት እንደሚነቀል ታያለሽ። ታሸቻለሽ። ትቀምሻለሽ።»

እናቴ ሳታስበው ወደ መስኮቱ ዞረች። ከመስኮታችን ውጪ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ከዛፉ አልፎ የመጸዳጃ ቤቱን ጣራ ይዟል። አባቴ በቅመማ ቅመም ችግኝ ጣቢያ ነበር የሚሠራው፤ ቤታችንም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እርድና ዝንጅብል እየረገጥን ነው ያደግነው።

«ለዚህ በአውሮፕላን ይኬዳል?» አለ አባቴ።

«ጋሼ ከፈለኝ ደግሞ!» አለች አክስቴ። «እዚያ እኮ አስጎብኚ አለው።»

የዚያን ዕለት አባቴን አፈርኩበት። አስጎብኚ ያለው ቅመምና የሌለው ቅመም አንድ እንዳልሆነ የማይገባው ሰው መሰለኝ።

ማታ ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ እማድ ቤት ነጭ ሽንኩርት ስልጥ ሁለቱ እህትማማቾች ከበሩ ውጪ ቆመው ያወራሉ። አክስቴ ድምፅ መቀነስ አታውቅም።

«ሠራተኛ ስንቷን ቀጥሬ አየሁ፣ እታለም! አንዷ ትሰርቃለች፣ አንዷ ታረግዛለች። የራስ ሥጋ ይሻላል።»

«ገና ልጅ ናት እኮ፣ ወርቄ።»

«መንታዎቹን ብቻ ነው። እዚያ ትለምዳቸዋለች፤ ስንመለስ እኛው ጋ ትቀጥላለች። እዚህ ምን ታያለች? ዝናብ?»

«ትምህርቷስ?»

«የማታ አለ።»

እናቴ ዝም አለች። እኔ ነጭ ሽንኩርቱን ትቼ ተነሣሁ። የራስ ሥጋ ይሻላል! እንዲህ የወደደኝ ሰው አልነበረም። «የማታ» የተባለውም አስደነቀኝ፤ የአዲስ አበባ ልጆች ቀን ሲዝናኑ ውለው ማታ በኤሌክትሪክ መብራት የሚማሩ መስሎኝ ነበር። እኛ መብራት የሚመጣልን ሲፈልግ ነው።

እናቴ ለምን ዝም እንዳለች ዛሬ አውቃለሁ። ከእሷ የተሻለ እንዳይ ፈልጋ ነው። አልፈርድባትም እላለሁ፤ እያልኩም እፈርድባታለሁ።

በማግስቱ ሰኞ ፎቶ ቤት ወሰደችኝ። ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል ተብሏል። ጸጉሬን በቅባት አስተኝታ፣ ለፋሲካ ያሰፋችልኝን ቢጫ ቀሚስ አለበሰችኝ፤ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በይ» ሲለኝ አልሰማሁትም። ፎቶው አሁንም አለኝ። አገጩን ወደ ላይ ያነሣ፣ የቴፒን ሕዝብ በሙሉ የናቀ አንድ ሕፃን ነው ያለበት።

ከናቅኋቸው የመጀመሪያዋ የምሥራች ነበረች። የጣቢያው ሠራተኛ የበየነች ልጅ ናት፤ ቤንቾች ናቸው፣ ቸርች የሚሄዱ፤ ቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ነው። የምሥራች በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በክፍል ግን እኩል ነበርን፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ቡና ለቀማ ሲደርስ ከትምህርት ትቀራለች። ያን ዕለት አንደኛዋን መንታ ላዝላት ስታገል አገኘችኝ።

«እንዲህ አይታዘልም» አለችኝ።

«አንቺ ምን አገባሽ? እኔ ነኝ ዛንዚባር የምሄደው።»

«ልጅቷን ትጥያታለሽ።» ከእጄ ወስዳ፣ በአንድ ጎንበስ ጀርባዋ ላይ ጣለቻት፣ ነጠላውን አዞረች፣ ቋጠረች። ስታለቅስ የዋለችው ሕፃን ወዲያው ጸጥ አለች። በረንዳ ላይ የነበረችው አክስቴ ቀና ብላ ስታይ አየኋት። «ውይ፣ እጇ ሲያምር!» አለች።

ቀናሁ። ስለዚህ የምሥራችንም ላስቀናት ብዬ፣ «ስመለስ የባሕር አሸዋ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

«አሸዋ ምን ያደርግልኛል? ወንዙ ጋ ሞልቷል።»

«ያ ሌላ ነው። አንቺ አይገባሽም።»

ከሰዓት አባቴ እንግዶቹን ችግኝ ጣቢያውን ሊያሳያቸው ይዟቸው ወጣ። እኔ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ፤ የአባቴ ቦቲ ጭቃውን ሲያንቦጫርቅ በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን ነከስኩ። አክስቴ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛለች። አስረስ አንድ ጊዜ የቁንዶ በርበሬ ሐረግ ነካ፤ «እጅህን ትታጠባለህ» አለችው። በሁለት ወሩ ዛንዚባር ላይ ይህንኑ ሐረግ አቅፋ ፎቶ ተነሣች።

ቫኒላው ጋ ስንደርስ አባቴ ቆመ። ሳይጠየቅ የሚያወራው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

«የዚህች አበባ የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ነው» አለ። «ከረፋድ ካለፈች ታልፋለች። ባገሯ አንዲት ዓይነት ንብ አለቻት አሉ፤ እኛ ጋ የለችም። ስለዚህ እኛው በእጃችን እንድራታለን። ክዳኗን በብርቱካን እሾህ ገለጥ አድርጎ ቢጫውን ዱቄት ማነካካት ነው። የሰው እጅ ካልደረሰላት ፍሬ የላትም።» ከዚያ እጄን ይዞ ጣቶቼን አሳያቸው። «የፀዲን ጣት የሚያህል የለም። በየካቲት በአንድ ጠዋት ሁለት መቶ ድራለች።»

አስረስ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ኔትወርክ ይፈልጋል። አክስቴ መንታዎቹን እንዳትነካኩ እያለች ትጮኻለች። አባቴ እጄን ለቀቀው። የሚያወራው ለማንም እንዳልሆነ የገባው መሰለኝ፤ እኔም እሰየው አልኩ።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ነገሩ በይፋ ወጣ። በማግስቱ ሊሄዱ ነው። እናቴ የተረፈውን በግ አውጥታ ጠብሳለች፤ አንድ ገበታ ከበን ተቀምጠናል።

«እንግዲህ ሐምሌ አምስት እንነሣለን» አለ አስረስ። «የፀዲን ፎቶ ይዘናል። አንተ ፈቃድህን ትፈርማለህ፤ ሌላውን እኔ እጨርሳለሁ።»

አባቴ ጉርሻውን ዋጠ። ውኃ ጠጣ።

«በሐምሌ አትችልም» አለ።

«ለምን?»

«ቫኒላው ያብባል። የእሷ እጅ ያስፈልገኛል።»

አባቴ በሕይወቱ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለዚህ የዋሸ አልመሰለኝም፤ የተሳሳተ መሰለኝ። ልክ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት እንደሚያርም ጎበዝ ተማሪ ዘልዬ፣

«አባዬ! ቫኒላ በሐምሌ አያብብም እኮ! በየካቲት ነው!» አልኩ።

ገበታው ላይ የነበረው እጅ ሁሉ ቆመ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አስረስ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ፤ ሐሰተኛ ዕቃ ሊሸጥለት የመጣን ነጋዴ የያዘ ሰው ፈገግታ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም።

«ዘንድሮ ያብባል» አለ።

«ጋሼ ከፈለኝ!» አለች አክስቴ። «ለአበባ ብለህ የልጅህን ዕድል ትዘጋለህ? ደግሞስ ሕፃን ልጅ ታሠራለህ እንዴ? ኃጢአት አይደለም?»

«ይህ እኮ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ነው» አለ አስረስ። ቃሉን ከሬዲዮ ነበር የሰማው።

«ያብባል ብያለሁ» አለ አባቴ።

እናቴ ከገበታው ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ እንጀራ ቆርሶ፣ ከሥጋው መርጦ፣ ጠቅልሎ ወደ አፌ አቀረበው። ጥርሴን ገጠምኩ። እጁ አየር ላይ ቀረ፤ እንግዶቹ ያያሉ። ወጡ በመዳፉ ወርዶ ክንዱ ጋ እስኪደርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ጉርሻውን ራሱ በላው።

ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ ነበር የማወራው። ባለቤቴ ኤፍሬም በጣም ይወደው ነበር። በቤታችን «ዘንድሮ ያብባል» ማለት የማይሆን ነገር ማለት ሆነ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነገ እመጣለሁ ሲል፣ ደመወዝ ይጨመራል ሲባል። አንድ ጊዜ ኤፍሬም ጋብቻችን አምስት ዓመት ሲሞላው ዛንዚባር እንሂድ ብሎ ያንኑ ዓይነት መጽሔት ይዞ መጣ። የተጋደሙትን ሰዎች አየሁና በሐምሌ ቫኒላ አለብኝ አልኩት። ሳቀ። «እንግዲያው ለከርሞ» አለኝ። በከርሞው ሐምሌ እሱ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ እኔ አጠገቡ ወንበር ላይ ነበርን። ስለዚያ እዚህ አልጽፍም።

ወደዚያ ምሳ ልመለስ። እንግዶቹ እቅዳቸውን ለመለወጥ የፈጀባቸው ቡና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ነው። አክስቴ በረንዳ ላይ ቆማ፣ «ያቺ ልጄን ያዘለችልኝ ልጅ የማን ናት?» አለች፤ እናቴን ነው የምትጠይቀው። እናቴም ነገረቻት።

አመሻሹ ላይ በየነች መጣች። እኔ ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር አኩርፌ ተቀምጫለሁ፤ አላዩኝም። በየነች ከሥራ ነው የመጣችው፤ አፈር ስትሞላ የዋለችበት ፕላስቲክ በወገቧ እንደታሰረ ነው። አባቴን ችግኝ ጣቢያው በር ላይ አገኘችው። በአማርኛ ነበር የሚያወሩት፤ በየነች ስታወራ ቃል እየመረጠች ነው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። የሰማሁት «አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው፣ ጋሽ ከፈለኝ» የሚለውን ብቻ ነው። አባቴ ቦቲውን እያየ ጥቂት ነገር መለሰላት። ራሷን ነቀነቀችና ሄደች።

ፈቃድ ጠይቃው ከልክሏት ነው አልኩ። ለእኔም ለእሷም መንገድ የሚዘጋ ሰው! ቀን ጎድሎባት ደመወዟን የሚቆርጥባት ሁሉ መሰለኝ። ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን ሳልስመው ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት የምሥራች መኪናው ውስጥ ነበረች። በሁለቱ መንታዎች መካከል ተቀምጣለች፤ የእኔን ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። እናቴ ናት የሰጠቻት፤ ስጦታ እንጂ ክፋት አልነበረም፤ ወደ አዲስ አበባ በቡቱቶ እንዳትሄድ ብላ። የምሥራች የመስኮቱን ማዞሪያ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያደረገች ትስቃለች። ስታየኝ አንገቷን አወጣች።

«ፀዲ! አሸዋ አመጣልሻለሁ!»

«ወንዙ ጋ ሞልቷል» አልኳት።

በየነች መኪናው በሄደበት በኩል ብዙ ቆመች። ፀለየች፣ እጇን ወደ መንገዱ ዘርግታ። እኔ ፊቴን አዙሬ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት የምሥራችን ስቀናባት እንደኖርኩ አልናገርም፤ ያሳፍራል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንኳ፣ ዛንዚባር የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር ያ ቢጫ ቀሚስ ነበር የሚታየኝ፤ ነጭ አሸዋ ላይ ሲሮጥ።

የምሥራችን ካገኘኋት ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከኤፍሬም በኋላ አዲስ አበባን ትቼ ሥራዬን ወደ ሚዛን አዛውሬ፣ ጡረታ የወጣውን አባቴን ወደ እኔ አምጥቼ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። አማን መንገድ ዳር አንዲት ጭማቂ ቤት ገባሁ፤ አቮካዶ የምትልጠው ሴት ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«የጋሽ ከፈለኝ ልጅ» አለች። «አሁንም አገጭሽ ወደ ላይ ነው።»

ተቃቀፍን። ጥቁር መልበሴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ለዚህ አመሰገንኳት። ጭማቂ አስቀመጠችልኝ። ሳላስበው፣ ያችው የዐሥር ዓመቷ ልጅ በአፌ ተናገረች።

«ባሕሩን አየሽው?»

«ድምፁን ሰማሁት» አለች። «ክፍላችን ከኋላ ነበር። መንታዎቹ ብርሃን ካዩ አይተኙም፤ መጋረጃው አይከፈትም። ዳይፐር ልጥል ስወጣ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ነገር በአጥሩ ላይ አየሁ። እሱ ይሁን ሰማዩ ይሁን እንጃ።» ሳቀች። «ጫካውን ግን ሄጃለሁ። ልጅ አዝዬ። አስጎብኚው አንድ ሐረግ ይዞ ይህ ምንድን ነው እያለ ሰዉን ይጠይቃል። አንዱ ባቄላ አለ። አክስትሽ የወይን ዘር አለች። ቫኒላ! እኔ እኮ ከጀርባቸው ቆሜያለሁ። ማን ይጠይቀኛል?»

የማታ ትምህርቱን ሦስት ወር ተምራለች። ከዚያ መንታዎቹ ማታ ማታ ያለ እሷ አንተኛም አሉ፤ ቀረ። ስምንት ዓመት ኖረች። አንድ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ የጅማ መኪና ተሳፈረች፤ ከጅማ ሚዛን።

«ስመጣ እናቴ አርጅታ ነበር» አለች። «እስክትሞት አንድ ነገር ትል ነበር። ‹ጋሽ ከፈለኝን ጠይቄው እኮ ነበር› ትላለች። ሌላ የለም። ይህችኑ።»

ጭማቂውን ሳልጨርስ ወጣሁ።

አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። ሬዲዮውን ዘጋሁት።

«በየነች ያን ዕለት ምን ጠየቀችህ?»

የትኛውን ዕለት አላለኝም። ሃያ ዓመት አፉ ላይ ይዞት እንደኖረ ሰው መለሰ።

«ልጄን ልስጣቸው ወይ አለችኝ። ሰዎቹን አንተ ታውቃለህ አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«የእኔ ልጅ ሥራ አለባት፤ የአንቺን አንቺ ታውቂያለሽ አልኳት።»

«እውነቱን ለምን አልነገርካትም?»

«ምን ብዬ? የሚስቴ እህት ሰው ታሠቃያለች ብዬ? እንግዳ ቤቴ ተቀምጦ?» እጁን ጭኑ ላይ አሸ። «አንቺን ለማስቀረት አንድ ውሸት ዋሸሁ። እሱንም አንቺ በገበታ ላይ አፈረስሽብኝ። ለሁለተኛ ልጅ የሚሆን አልተረፈኝም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋቱ ንቄው ኖሬ ነበር። አሁን ጥፋቱ እጄ ሲገባ ልንቀው ሞከርኩ፤ ለዚያ የሚሆን አቅም አጣሁ። በገበታው ላይ የጮኸው ድምፅ የማን እንደነበር ለመርሳት አይመቸኝም። ሬዲዮውን መልሼ ከፈትኩለት።

እኔ ግን የማልረሳው ከዚያ ሁሉ ያንን ሐምሌ ነው።

እንግዶቹ ዛንዚባር ላይ በነበሩበት ሰሞን አባቴ በየጠዋቱ ቀሰቀሰኝ። ዝናብ ነው፤ የቴፒ ክረምት ጠዋትና ማታ አያውቅም። ቦቲ አስጠልቆኝ፣ ላስቲክ አልብሶኝ፣ የብርቱካን እሾህ በእጄ አስይዞኝ ወደ ቫኒላው ወሰደኝ። ሐረጉ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ውኃ ይንከባለላል። እምቡጥ እንኳ የለም። አባቴ ከአንዱ ደጋፊ ዛፍ ወደ ሌላው እየሄደ ቅጠል እየገለጠ ያያል። «ዛሬም የለም» ይላል። እንመለሳለን። በማግስቱም እንዲሁ።

ያበደ መሰለኝ። ሠራተኞቹ ሲያዩን አፈርኩ፤ ሁሉም የአበባውን ጊዜ ያውቃሉ። ለእኔ ሲል፣ ቃሉ ሐሰት እንዳይሆንብኝ የሚያደርገው መስሎኝም ጠላሁት። ለእኔ ሲል አልነበረም።

አንድ ጠዋት በየነች የችግኝ ቅርጫት ተሸክማ በረድፉ ጫፍ ብቅ አለች። አየችን። ቅርጫቷን ሳታወርድ ቆመች፤ ዝናቡ ከሻሿ ወደ ፊቷ ይወርዳል። በየነች አባቴ ለዚያ ጣቢያ ከመመደቡ በፊት ጀምራ ቫኒላ የምትድር ሴት ናት። የእሾህ አያያዙን ለአባቴ ያሳየችው እሷ ናት።

«አበባ መጣ ወይ፣ ጋሽ ከፈለኝ?» አለች።

«ገና ነው፣ በየነች።»

ሐረጉን ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ቦቲዬን፣ ላስቲኬን፣ በጣቴ የያዝኩትን እሾህ።

«እሺ» አለች። «ሲመጣ ንገረኝ። እኔም ልጄን እጠራለሁ።»

ቅርጫቷን አስተካክላ ሄደች። አባቴ እጄን አጥብቆ ያዘው። ጭቃው እንዳያንሸራትተኝ መስሎኝ ነበር።